የአጥቢያ ድረ ገጽና ባለሙያው

በአጥቢያ የተለመደው አሠራር ድረ ገጹን ለአንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት መስጠት ነው። ወጣቱ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል፤ ገጹም ያለፈውን ዘመን የንግሥ በዓል ማስታወቂያ እንደ ያዘ ይቀራል። ስለዚህ ከጽሕፈት ቤቱ ቋሚ አገልጋዮች አንዱ፣ ጸሐፊውም ይሁኑ ሒሳብ ሹሙ፣ ከሥራቸው ጎን ለጎን ሙያውን ቢማሩ ይበጃል።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከኤችቲኤምኤል ነው። ይህም የትኛው ጽሑፍ ርእስ፣ የትኛው አንቀጽ እንደ ሆነ ለኮምፒውተሩ የሚያመለክት የምልክት ሥርዓት ነው። ለመለማመድ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃና ብሮውዘር ይበቃሉ። የገጹን መልክ የሚያሳምረው ሲኤስኤስ ይከተላል፤ ጃቫስክሪፕት ሊቆይ ይችላል። (በቅኔ ቤት ያለፉ አባቶች ብዙም አይቸገሩም፤ አንድ የመዝጊያ ምልክት ቢረሳ ገጹ መዛነፉ፣ የቃል መጥበቅና መላላት ምሥጢርን እንደሚለውጠው ያለ ነው።)

ጀማሪውን ይበልጥ የሚያሰናክለው ፊደሉ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በቀድሞው አሠራር የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎችና ሪፖርቶች የግእዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀመጡ በመሆናቸው፣ ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጡ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ። ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ በገጹም ራስጌ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ማመልከት ይገባል።

ለመልመጃ የአጥቢያውን የልማት ሪፖርት በአንድ ገጽ ማዘጋጀት ይሻላል። የይለፍ ቃሉ ደግሞ በታሸገ ፖስታ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና ይቀመጥ።