ስም ሲለወጥ የማይለወጡት ሦስት ፊደላት

ወደ ቺካጎ የሚበር መንገደኛ ሻንጣው ላይ የሚታሰርለት መለያ «ኦ አር ዲ» ይላል። አውሮፕላን ማረፊያው የሚጠራው ግን ኦሄር ተብሎ ነው። ኮዱ የመጣው ቦታው ቀድሞ ይጠራበት ከነበረው ኦርቻርድ ፊልድ ከሚለው ስም ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተሰዋው የባሕር ኃይል አብራሪ ለኤድዋርድ ኦሄር መታሰቢያ እንዲሆን ስሙ ሲቀየር፣ ኮዱ እንደነበረ ቀረ።

ነገሩ የተጀመረው በ1930ዎቹ ነው። የአሜሪካ አብራሪዎች የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች ለከተሞች የሰጧቸውን ባለሁለት ፊደል ምልክቶች ተውሰው ይጠቀሙ ነበር። ከ26 ፊደላት የሚገኘው ባለሁለት ፊደል ጥምረት ግን 676 ብቻ ነው። በረራው ሲበዛ ይህ አልበቃ አለ፤ ሦስተኛ ፊደል ሲጨመር ጥምረቱ 17,576 ደረሰ። ነባሮቹ ከተሞች በምልክታቸው ላይ «ኤክስ» ጨመሩ፤ ሎስ አንጀለስ «ኤል ኤ ኤክስ»፣ ፖርትላንድም «ፒ ዲ ኤክስ» የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ኤክሷ ቦታ ከመሙላት ያለፈ ትርጉም የላትም።

ዛሬ ኮዶቹን የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ነው። ብዙዎቹ የከተማቸውን ስም ያስታውሳሉ፦ አዲስ አበባ «ኤ ዲ ዲ»፣ ድሬዳዋ «ዲ አይ አር»፣ ጅማ «ጄ አይ ኤም»። ሁለት ማረፊያዎች አንድ ኮድ መጋራት ስለማይችሉ ግን ሁሉም የሚፈልገውን አያገኝም፤ ጎንደር በስሟ ውስጥ የሌለ ፊደል ይዛ «ጂ ዲ ኪው» ተብላለች።

ኮድ አንዴ ከተሰጠ በቲኬት፣ በበረራ ሰሌዳና በሻንጣ ማመላለሻ ሥርዓት ውስጥ ሥር ይሰዳል። ስለዚህ ከባድ የደኅንነት ምክንያት ካልተገኘ አይነካም። ሴንት ፒተርስበርግ እስከ ዛሬ የሌኒንግራድን «ኤል ኢ ዲ»፣ ሙምባይ የቦምቤይን «ቢ ኦ ኤም»፣ ሆ ቺ ሚን ከተማም የሳይጎንን «ኤስ ጂ ኤን» ይዘዋል። የተለወጡም አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት የዋሽንግተኑ ደለስ መጀመሪያ «ዲ አይ ኤ» ነበር፤ ያንኑ ከተማ ከሚያገለግለው ሌላ ማረፊያ ኮድ ከ«ዲ ሲ ኤ» ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ «አይ ኤ ዲ» ተባለ።

መንገደኛ ሆይ፣ ሻንጣህን ስታስረክብ ፊደላቱን አንብብ። ካሊፎርኒያ ውስጥም ኮስታሪካ ውስጥም ሳን ሆሴ የሚባል ከተማ አለ፤ የመጀመሪያው «ኤስ ጄ ሲ»፣ ሁለተኛው «ኤስ ጄ ኦ» ነው። በአንድ ፊደል ስህተት ሻንጣህ ሌላ አገር ሊገባ ይችላል።