ሞትን የሚክድ እምነት፣ ሙትን የሚሸከም ከተማ

ሰው ለሞተ ወገኑ ምን ዕዳ አለበት፣ ሞትስ የሕይወት ፍጻሜ ነው ወይስ በእምነት የሚሻር ነገር የሚሉት ጥያቄዎች የሃይማኖት ሊቃውንትና ደራስያን ለዘመናት የተመራመሩባቸው ሲሆኑ፣ በሻሸመኔ ግን የተለያየ መልስ የያዙ ሰዎች በአጥር ተዋስነው ይኖራሉ። በዙሪያዋ በአብዛኛው ሙስሊም የሆነው የአርሲ ኦሮሞ በሚኖርባት፣ ኦርቶዶክሳውያንና ፕሮቴስታንቶችም በብዛት በሚገኙባት በዚህች የመንገዶች መገናኛ ከተማ፣ ቀብር መሸኘትና ለቅሶ መድረስ የሰውነት መለኪያ ነው፤ «ጃማይካ ሰፈር» በሚባለው አካባቢ ደግሞ እውነተኛ አማኝ አይሞትም የሚል ትምህርት ያላቸው ራስ ተፈሪያውያን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖረዋል።

የሰፈሩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1948 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰጡት አምስት ጋሻ ወይም 200 ሄክታር ያህል መሬት ነው። መሬቱ የተሰጠው ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣሊያ በተወረረች ጊዜ ከጎኗ ለቆሙ በውጭ ዓለም የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ሲሆን፣ ስጦታው የተላለፈው ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 በኒውዮርክ በመሠረቱት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ነበር። በኋላ ወደ ሰፈሩ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች ነበሩ፤ ይህም በ1920ዎቹ ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ መጫን ተከትሎ በጃማይካ የተወለደና ንጉሡን እንደ አምላክ የሚያይ እምነት ነው።

እምነቱ ለሞት ያለው አመለካከት ብዙ ጊዜ እንደ እንግዳ ነገር ቢታይም፣ መሠረቱ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 የተጻፈው የናዝራዊነት ስእለት፣ ማለትም ራስን ለእግዚአብሔር የመለየት ቃል ኪዳን፣ ተሳዩ ጠጉሩን እንዳይላጭና ወደ ሬሳ እንዳይቀርብ፣ የሞተው አባቱ ወይም እናቱ ቢሆን እንኳ እንዳይነካ ያዛል። ብዙ ራስ ተፈሪያውያን ጠጉራቸውን የሚያሳድጉት በዚህ ስእለት ነው፤ ከቀብር የሚርቁትም እንዲሁ። ከዚህም ባሻገር አያቶቻቸው በባሪያ ፍንገላ መርከቦች ተጭነው ሲጓዙ የሞቱት ያለ ፍትሐት፣ ያለ ከፈን ወደ ባሕር ይጣሉ ነበር፤ በሕይወት የደረሱትም በሸንኮራ አገዳ እርሻ እንደ ዕቃ ተቆጥረው አልቀዋል። ሞት የጌታው መሣሪያ በሆነበት አገር የተወለደ ሕዝብ ሕይወትን ብቻ ልናገር ቢል፣ ይህ ከሐዘን ማምለጥ ሳይሆን ከባርነት ጋር የሚደረግ ክርክር ነው። ስለዚህ አቋማቸውን በአላዋቂነት የሚፈርጅ ሰው ያለ አግባብ ይፈርዳል።

ይህ እምነት እጅግ የተፈተነው በ1967 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነሐሴ 21 ቀን ማረፋቸው ሲነገር፣ ሬሳ አልታየም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ፍትሐት አልተደረገም፣ መቃብራቸውም የት እንደሆነ ለሕዝብ አልተገለጸም። ይህ አንድ እውነታ በሁለት ወገን ፍጹም ተቃራኒ በሆነ መንገድ ተነበበ። ለኢትዮጵያውያን፣ ለንጉሡ ፍቅር ላልነበራቸው እንኳ፣ ሰውን ያለ ቀብር ሥርዓት መጣል ከመግደልም የማያንስ በደል ነበር፤ ለራስ ተፈሪያውያን ግን የሬሳው አለመታየት የንጉሡ ሕያውነት ማስረጃ ሆነ። ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሌይ ዜናው በተሰማ በሳምንታት ውስጥ «ጃህ ሊቭ» የተሰኘውን፣ አምላክ ሕያው ነው የሚል ዘፈን አወጣ። በሥነ ጽሑፍ ዓይን ሲታይ ይህ ሥራ የሙሾ ተቃራኒ ነው፤ ሙሾ ሞትን አምኖ የሟቹን ታላቅነት ሲዘረዝር፣ ዘፈኑ የታላቅነቱ ምስክር አድርጎ የሚያቀርበው ሞቱን አለመቀበሉን ነው። የንጉሡ አፅም በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጥቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ በ1954 ዓ.ም. ካረፉት ከባለቤታቸው ከእቴጌ መነን አጠገብ ሲያርፍ የማርሌይ ባለቤት ሪታ ማርሌይ ብትገኝም፣ ብዙ ራስ ተፈሪያውያን አፅሙ የእርሳቸው መሆኑን አልተቀበሉም።

በከተማዋ ሌላ ሰፈር የሚሰማው መልስ የሚጀምረው በማለዳ ጡሩምባ ነው። እድር፣ ጎረቤቶች ወርኃዊ መዋጮ እያዋጡ ሐዘን የሚካፈሉበት ማኅበር፣ መርዶው እንደተሰማ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን ከመጋዘን ያወጣል፤ ወንዶች ድንኳን ሲወጥሩ ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ከቀብር መልስም ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ሰው በተራ አብሮት ይቀመጣል። ሟቹን በሕይወቱ ያልወደደው ጎረቤት እንኳ አይቀርም፤ ቢቀር ቅጣት አለበት፣ ከቅጣቱም ይልቅ የሚያስፈራው የራሱ ቀን ሲደርስ ሰው ማጣቱ ነው። በእስልምና ሕግም ሟቹን ማጠብ፣ መከፈን፣ የጀናዛ ሶላት መስገድና መቅበር «ፈርድ ኪፋያ» ይባላል፤ ይህም የተወሰኑ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ የሚነሣ፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉንም በደለኛ የሚያደርግ የጋራ ግዴታ ነው። በሁለቱም ዘንድ ሬሳው የቤተሰቡ ብቻ አይደለም።

የአርሲ ኦሮሞ ባህል ይህን ሐሳብ እስከ ነፍስ ግድያ ድረስ ይወስደዋል። ጉማ በሚባለው የደም ዕርቅ ሥርዓት፣ ካሣው የሚከፈለው በገዳዩ ብቻ ሳይሆን በጎሣው ሲሆን፣ ዕርቁና የማንጻት ሥርዓቱ እስኪፈጸም ድረስ የሁለቱ ወገን ሰዎች አብረው አይበሉም፣ አይጠጡም። ሕይወት የግለሰብ ንብረት ብትሆን ኖሮ፣ አንዱ ባጠፋው ነፍስ ሌላው ከብቱን ሊያዋጣ የሚገደድበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ያገባች ሴት የምትይዘው ሲንቄ የተባለ በትርም ከዚሁ ባህል የሚነሣ ኃይል አለው፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ወገኖች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል፤ አልፎ የሚማታ ሰው ሰፉን፣ ማለትም ነውርንና ክብርን የሚለየውን የሥነ ምግባር ሥርዓት፣ ጥሷል።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍም ስለ ሞት ሲያስብ የሚይዘው ይህንኑ የዕዳ ሐሳብ ነው። ሙሾ አውራጇ የምትደረድረው ግጥም ለሟቹ ውዳሴ ቢመስልም፣ በሰምና ወርቁ ውስጥ ሳይጠይቁት የቀሩ ዘመዶችንና የከዱት ወዳጆችን ይወቅሳል፤ በሕይወት ያለ ሰው የማይደፍረውን ነገር በለቅሶ ቦታ መናገር የተፈቀደ ነውና። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልብ ወለድ፣ ከናዝራውያን ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የሰጡት ብፅዓት፣ ማለትም በስእለት የተለየ ልጅ ነው፤ ለሕይወቱ ዋስትና ተብሎ የተገባው ቃል ግን ለሰብለ ወንጌል ካለው ፍቅር ጋር እየተጋጨ እስከ ዕለተ ሞቱ ሰላም ይነሣዋል። ሕይወትን በስእለት መጠበቅ የሚጠይቀውን ዋጋ ይህን ያህል በርኅራኄ የመረመረ የአማርኛ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ደራሲው ስእለቱንም አይንቁም፣ ፍቅሩንም አይኮንኑም።

የማርሌይ የራሱ መጨረሻ ሁለቱን አመለካከቶች አንድ ላይ አምጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ ጣት ላይ ካንሰር ሲገኝ ጣቱ እንዲቆረጥ አልፈቀደም፤ እምነቱም ለውሳኔው አንዱ ምክንያት እንደነበር ይነገራል። ሆኖም በሚቀጥለው ዓመት ሻሸመኔን የጎበኘው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ሲያርፍም፣ ኪንግስተን ላይ ፍትሐቱን የመሩት አቡነ ይስሐቅ ነበሩ፤ እውነተኛ አማኝ አይሞትም ሲል የኖረው እምነት ትልቁ ዘማሪ በመጽሐፈ ግንዘት ሥርዓት ተሸኘ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሪታ ማርሌይ አፅሙን አውጥታ ሻሸመኔ ላይ ለማሳረፍ ያላትን ሐሳብ ገለጸች። ጃማይካውያን አጥብቀው ተቃወሙት፣ አልተፈጸመምም፤ ነገር ግን ሐሳቡ ራሱ፣ ዮሴፍ አፅሙን ከግብጽ እንዲያወጡ ወንድሞቹን ካስማለበት ምኞት ጋር አንድ ነው። በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ የሚያዋጡት ለዚሁ ነው።

ከሰፈሩ የመጀመሪያ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፣ ተከትለዋቸው የመጡትም አርጅተዋል። መሬታቸው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ተወርሷል፤ ለብዙዎቹ የመኖሪያ መታወቂያ የተሰጠውም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ነው። ወረቀቱ መኖርን ይፈቅዳል፤ ሲሞቱ ማን ይሸከማቸዋል የሚለው ግን በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚወሰን አይደለም፤ በሻሸመኔ ይህ የሚወሰነው የጎረቤት ጡሩምባ ሲነፋ ከቤት በመውጣትና ባለመውጣት ነው፣ የናዝራዊነቱ ስእለትም አማኙን በጽኑ የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው።