ሣር ለሚነቅል የሚከፍል ከተማ

ላስ ቬጋስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቁማሩን፣ መብራቱንና በሆቴሎቹ ደጃፍ ሽቅብ የሚፈነጠረውን ፏፏቴ ነው። የከተማዋን ሌላ ጠባይ የሚያውቁት ግን ቤት የገዙባት ናቸው። እዚያ የግቢውን ሣር ነቅሎ ለሚጥል ሰው የደቡብ ኔቫዳ የውኃ ባለሥልጣን ገንዘብ ይከፍለዋል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ ሲሆን እስካሁን ከ200 ሚሊዮን ካሬ ጫማ በላይ፣ ማለትም ከ1,800 ሄክታር የሚበልጥ ሣር ተነቅሎበታል። ወሬው ከእኛም ሩቅ አይደለም። ታክሲ እየነዱ፣ ሆቴልና ካሲኖ ውስጥ እየሠሩ ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያን በከተማዋ ብዙ ናቸው፤ በ2023 የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር አንዱን አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል።

ሣር ምን በደለ? ነገሩ በሊትር ሲሰላ ግልጽ ይሆናል። ላስ ቬጋስ ያለችው ሞሃቬ በረሃ ውስጥ ነው፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እዚያ ለምለም ሆኖ እንዲከርም የሚፈለግ ሣር ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በዓመት ወደ 3,000 ሊትር ውኃ ይጠጣል። ይህ ውኃ ባንድ ጊዜ ቢፈስና ባይሰርግ ሦስት ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል። አዲስ አበባ ላይ በልጉም ክረምቱም ተደምሮ በዓመት የሚዘንበው ከዚህ ግማሹን አይሞላም። እንግዲህ በረሃ መካከል፣ በ2024 ሐምሌ ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ በደረሰበት ከተማ፣ ሰዉ ከአዲስ አበባ እጥፍ የሚበልጥ ዝናብ በቧንቧ ሲያዘንብ ኖሯል ማለት ነው። ለበረሃ የሚስማሙ ተክሎች የተተከሉበት ግቢ ግን ለዚያው ካሬ ሜትር 700 ሊትር ገደማ ይበቃዋል።

ውኃው ከየት ይመጣል የተባለ እንደሆነ፣ ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ የሚቀዳው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ሁቨር ግድብ ካጠራቀመው ሚድ ሐይቅ ነው። ወንዙን ሰባት የአሜሪካ ግዛቶችና ሜክሲኮ ይካፈሉታል። ክፍፍሉ በ1920ዎቹ ሲወሰን ኔቫዳ ሕዝቧ ጥቂት ስለነበር የደረሳት በዓመት ወደ 370 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ከታችኛው ተፋሰስ ጎረቤቶቿ መካከል ካሊፎርኒያ ወደ አሥራ አምስት እጥፍ፣ አሪዞና ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳቸዋል። ዛሬ በዚያች ትንሽ ድርሻ ላይ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተቀምጧል።

የጉዳዩ ቁልፍ ግን ድርሻው ማነሱ ላይ አይደለም። ቤት ውስጥ የሚፈስ ውኃ፣ ገላ የታጠቡበትም ሆነ ዕቃ ያለቀለቁበት፣ የመጸዳጃ ቤቱም ጭምር፣ በፍሳሽ መስመር ሄዶ ይጣራና ተመልሶ ሚድ ሐይቅ ይገባል። ለተመለሰው መጠን ከተማዋ ያንኑ ያህል እንደገና እንድትቀዳ ይፈቀድላታል። ስለዚህ እዚያ ረጅም ሻወር የሚወስድ ሰው ከወንዙ ሒሳብ ላይ ብዙም አያጎድልም፤ የሚያጎድለው ግቢውን የሚያጠጣው ነው። ሣር ላይ የተረጨ ውኃ ከፊሉ በፀሐይ ይተናል፣ ከፊሉ በሣሩ በኩል አየር ላይ ይወጣል፣ ወደ ሐይቁም አይመለስም። የሆቴሎቹን ፏፏቴ እያየ «ይህን ሁሉ ውኃ እያባከኑ እኛን ሣር ንቀሉ ይሉናል» ብሎ የሚያጉረመርም ነዋሪ አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር ግን ገንዳው ውስጥ እየተመላለሰ ከሚፈነጠረው ውኃ ይልቅ በየመንደሩ የተነጠፈው ሣር እጅግ ይበልጥ ጠጥቷል።

ከ2000 ወዲህ በበረታው ድርቅ ሚድ ሐይቅ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ወርዷል፤ ውኃው የሸሸበት ዐለት ነጭ ቀለበት ሠርቶ ዙሪያውን ይታያል። በ2021 የአሜሪካ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ በሐይቁ ላይ የውኃ እጥረት አወጀ። በሚቀጥለው ዓመት ከተማዋ መጀመሪያ ውኃ ትስብበት የነበረው ቧንቧ አፉ ከውኃው በላይ ሆኖ ታየ። የሣር ክፍያውን የጀመሩት ሰዎች ይህ ሁሉ ከመድረሱ በፊት መጀመራቸው ሊመሰገን ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ያመለክታል፤ ሣሩን የሚነካው ባለሙያ መጥቶ ካየና ከለካ በኋላ ነው። ቸኩሎ ቀድሞ የነቀለ ክፍያው ያመልጠዋል። ከዚያ ሣሩ ይነሳል፣ የርጭት ቧንቧዎቹ አፋቸው ይደፈናል፣ በምትካቸው ቀጫጭን የጠብታ መስኖ ቱቦዎች ይዘረጋሉ። መሬቱ በጠጠር ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ ይሸፈናል፤ ውኃና አየር የማያሳልፍ ፕላስቲክ ከሥር ማንጠፍ አይፈቀድም። ባለሙያው ተመልሶ አይቶ ሲያጸድቅ ገንዘቡ ይከፈላል። ክፍያው ለዓመታት በካሬ ጫማ 3 ዶላር ነበር፤ በዚያ ሒሳብ 1,000 ካሬ ጫማ ሣር የነቀለ ሰው 3,000 ዶላር አግኝቷል። ገንዘቡን የተቀበለ ባለቤት ሣሩን መልሶ ላይተክል በውል ይታሰራል። «የመንደሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይከለክለኛል» የሚል ስጋትም መሠረት የለውም፤ የኔቫዳ ሕግ የመንደር ማኅበራት ውኃ ቆጣቢ ግቢ እንዳይከለክሉ ያዛል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሣሩን ነቅሎ፣ ግቢውን በጠጠር ሞልቶ፣ ሁለት ቁልቋል ተክሎ የጨረሰ ይመስለዋል። ባዶ ጠጠር ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ መልሶ ይተፋል፤ ቤቱም አብሮ ይግላል። ለዚህም ነው ባለሥልጣኑ ተክሎቹ ሲያድጉ የግቢውን ቢያንስ ግማሽ እንዲሸፍኑ የሚጠይቀው። ከሚመረጡት መካከል ፓሎ ቨርዴ የምትባለዋ ዛፍ በቅርብ መታየት የሚገባት ናት። ግንዷ ራሱ አረንጓዴ ነው። ድርቁ ሲጠናባት ጥቃቅን ቅጠሎቿን ታራግፍና በግንዷና በቅርንጫፎቿ ልጣጭ ምግቧን ማዘጋጀቷን ትቀጥላለች። በጸደይ ደግሞ ቅጠል እስከማይታይባት ድረስ ቢጫ አበባ ትለብሳለች፤ ንቦችም ይወርሯታል።

ሌላው ሜስኪት የሚሉት ዛፍ ነው፤ ይህን የእኛ ሰው ሲሰማ ሊደነግጥ ይችላል። አፋር ውስጥ የአዋሽን ዳርቻ ወርሮ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ያጠፋው ፕሮሶፒስ የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነውና። ሞሃቬ ግን አገሩ ነው። ሥሩ በጣም ጠልቆ ውኃ ይፈልጋል፣ አፈሩን በናይትሮጅን ያዳብራል፣ ጣፋጭ ፍሬውን የአካባቢው ቀደምት ሕዝቦች ፈጭተው ይበሉት ነበር። አፋር ላይ ያንኑ ጣፋጭ ፍሬ ከብቱና ፍየሉ በልቶ ዘሩን በፋንድያው ተሸክሞ በየሜዳው በተነው። «ድርቅ ይችላል» የተባለ ሁሉ በየትም ግቢ ይተከል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከሣሩ ጋር አብረው ያደጉ የቆዩ ዛፎች ጉዳይ ብዙ ምሬት አስነሥቷል። ዛፎቹ ለዓመታት የጠጡት ለሣሩ ከሚረጨው ነው፤ ሥራቸውም ሣሩ ሥር በየአቅጣጫው ተዘርግቷል። ርጭቱ በቆመ ማግስት ግንዱ አጠገብ አንድ የጠብታ ቱቦ ብቻ ያደረገላቸው ባለቤት በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ጥላውን ያጣል፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ጥላ ማጣት ቀልድ አይደለም። ጠብታው ቅርንጫፎቹ እስከሚደርሱበት ዙሪያውን መዞር አለበት፤ ዛፉ ሲሰፋም አብሮ መስፋት ይኖርበታል። ጎመን፣ በሶብላና ጤና አዳም የሚተክል ሰውም ከዚሁ መስመር ቅርንጫፍ አውጥቶ መደቡን ማጠጣት ይችላል።

ሣሩን ያላነሳ ሰውም ቢሆን እንደፈለገ አያጠጣም። በብርዱ ወራት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ከሙቀቱ ወራት በፊትና በኋላ ባሉት ወራት ሦስት ቀን ይፈቀድለታል፤ እሑድ ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት መርጨት አይቻልም። ውኃው ሞልቶ አስፋልት ላይ ሲፈስ የተገኘበት ይቀጣል።

በ2021 የኔቫዳ ምክር ቤት ከዚህም አልፎ ሄደ። በወጣው ሕግ መሠረት ከ2027 መግቢያ ጀምሮ ማንም የማይቀመጥበትንና የማይጫወትበትን ጌጥ ሣር፣ የመንገድ አካፋዩንና የቢሮ ደጃፉን፣ በኮሎራዶ ውኃ ማጠጣት አይፈቀድም። የእግር ኳስ ሜዳ፣ መናፈሻና መካነ መቃብር አይነካም። የግለሰብ መኖሪያ ቤትም ከሕጉ ውጭ ነው፤ እዚያ ውሳኔው የባለቤቱ ስለሆነ ባለሥልጣኑ የሚያባብለው በገንዘብ ነው። ልጆች የሚቦርቁበትን ጥቂት ሣር ጓሮ አስቀርቶ የደጁን ብቻ ማንሳትም ይቻላል፤ ክፍያው የሚታሰበው በተነቀለው ልክ ነው።