ደመናው በተነሣ ጊዜ
ሰው ኑሮው ሲለወጥበት በእግዚአብሔር መሪነት ስለ መታመን የተጻፈ ትርጓሜ

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 9 ከቍጥር 15 እስከ 23 ስለ ደመናው የተጻፈው ነገር ላይ ላዩን ለሚያነበው የጕዞ ታሪክ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከለመደው አገር ለሚነሣ፥ ከሹመቱ ለተሻረ፥ ወይም ወዳላወቀው ሥራ ለታዘዘ ሰው ታላቅ ትምህርት አለበት።

ታሪክ። እስራኤል ከግብፅ በወጡ በ2ኛው ዓመት ደብተራ ኦሪት በተተከለች ቀን ደመና ጋረዳት፤ በሌሊትም እንደ እሳት ሆኖ ይታይ ነበር። ደመናው ሲነሣ ሕዝቡ ይጓዛል፤ በቆመበትም ስፍራ ይሠፍራል። አንዳንድ ጊዜ ከማታ እስከ ጥዋት ብቻ ይቆያል፤ አንዳንድ ጊዜ 2 ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም አንድ ወር ወይም ከዚያ የበለጠ ይቆያል። ድንኳኑን የተከለው ሰው ነገ ይንቀለው ወይም ወር ይቀመጥበት አስቀድሞ አያውቅም ነበር።

ዘመኑን ስለ ምን አልነገራቸውም ቢሉ፥ መንገዱን ሁሉ ቢያውቁ መሪውን በረሱት ነበርና ነው። አንድም፥ የዓመታት ድካም በአንድ ቀን ቢገለጥ የሚሸከመው ትከሻ የለምና ነው። መና ለየዕለቱ እንደ ወረደ መሪነትም ለየዕለቱ ተሰጠ።

በቅርቡ መንገድ ስለ ምን አልወሰዳቸውም ቢሉ፥ ምክንያቱ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 13 ተጽፏል። የፍልስጥኤም መንገድ ቅርብ ነበረ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ጦርነት ባየ ጊዜ ተጸጽቶ ወደ ግብፅ እንዳይመለስ በምድረ በዳ አዞራቸው። ሰው የመንገዱን ርቀት ይለካል፤ እግዚአብሔር ደግሞ የመንገደኛውን ጕልበት ያውቃል። ስለዚህ ነገሩ የረዘመበት ሰው መሪው ጥሎኝ ሄደ ብሎ ፈጥኖ አይፍረድ።

ደመናው የሚመራቸው ከሆነ መከራ ስለ ምን አገኛቸው ቢሉ፥ መመራት ማለት ከመከራ መዳን ብቻ አይደለም። ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ በሱር ምድረ በዳ 3 ቀን ያለ ውሃ ሄዱ፤ በማራ ያገኙትም ውሃ መራራ ነበረ። ወደዚያ የመጡት ግን መንገድ ስተው አልነበረም። እግዚአብሔር ለሙሴ ባሳየው እንጨት ውሃው ጣፈጠ፤ ቀጥሎም 12 ምንጮችና 70 የዘንባባ ዛፎች ወዳሉበት ወደ ኤሊም ደረሱ። በማራ ጠፋን ብለው ቢመለሱ ኖሮ ኤሊምን ባላዩ ነበር።

ከዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሙሴ ደመናው ሳለለት በምዕራፍ 10 ኦባብን አብሮአቸው እንዲሄድና እንደ ዓይን እንዲሆናቸው የለመነው ስለ ምን ነው? እምነቱ ጐድሎ ነውን ቢሉ፥ አይደለም። ደመናው የሚሠፍሩበትን ስፍራ ያሳያል፤ የስፍራውን ጠባይ ግን በምድረ በዳ ያደገ ሰው ያውቃል። አንድም፥ እግዚአብሔር ሰውን በሰው ይረዳልና ነው። እንግዲህ የንስሓ አባትን፥ ሽማግሌንና አገር ያየን ሰው መጠየቅ ከእምነት ጋራ አይጣላም።

ደመናውን አለመከተል የሚያመጣው ጥፋት በምዕራፍ 13 እና 14 ይታያል። ከኮሬብ እስከ ቃዴስ በርኔ 11 ቀን መንገድ ነው። ወደዚያ ከደረሱ በኋላ 12 ሰላዮች ምድሪቱን 40 ቀን ሰለሉ፤ 10ሩ ሕዝቡን አስፈሩት፤ ሕዝቡም ውጡ ሲባል አለቃ ሾመን ወደ ግብፅ እንመለስ አለ። ፍርዱ ከተነገረ በኋላ ደግሞ ተመለሱ ሲባል በራሱ ፈቃድ ወጣ፤ ታቦቱና ሙሴ ግን ከሠፈር አልወጡም፤ ስለዚህ ጠላቶቹ እስከ ሔርማ ድረስ አሳደዱት። መዘግየቱም መቸኰሉም ከአንድ ሥር በቀሉ፤ ሥሩም የራስን ፈቃድ ከመሪው ፈቃድ ማስቀደም ነው። ደጃፉ በ11 ቀን መንገድ የሚደረስበት አገር 40 ዓመት ራቀባቸው።

ዛሬ ደመናው በዓይን አይታይም፥ በምን እንወቅ ቢሉ፥ ደመናው የቆመው ሕጉ የተጻፈበት ጽላት ባለበት በድንኳኑ ላይ እንደ ሆነ ያስተውሏል። ትእዛዙን አስጥሎ የሚወስድ መንገድ ትርፍ ቢኖረውም የደመናው መንገድ አይደለም። ትእዛዙን ጠብቆ፥ ጸልዮ፥ ምክር ጠይቆ የተነሣ ሰው ግን ፍጻሜውን ባያይም ይሂድ፤ ተነሥ ያላለው ነገር ቢኖርም በትዕግሥት ይቀመጥ።

በባሕሩ ዳር የደመናው ዓምድ ከፊታቸው ተነሥቶ ወደ ኋላቸው ሄደ፤ በግብፃውያንና በእነርሱ መካከልም ቆመ። ወደ ፊት ብቻ የተመለከተ ሰው በዚያች ሰዓት መሪ የሌለው ይመስለው ነበር፤ እርሱ ግን ከኋላ ሆኖ ሌሊቱን ሁሉ ይጠብቃቸው ነበር።

ለመሪነቱ ምስጋና ይሁን፤ አሜን።