የፓርላማ ጥያቄና የውጭ ዕርዳታ ገንዘብ፦ ከፐርጋው ግድብ እስከ ወረዳዎቻችን



የዛሬው ገለጻዬ የሚያተኩረው ትንሽ በምትመስል የፓርላማ መሣሪያ ላይ ነው፤ እርሷም ጥያቄ ናት። አንድ የሕዝብ ተወካይ «ይህ የዕርዳታ ገንዘብ የት ደረሰ? ለማንስ ጠቀመ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይከተላል? ምሳሌዬን የምወስደው ከብሪታንያ ነው። የዚያ አገር ጥያቄና መልስ ሃንሳርድ በሚባለው የፓርላማ መዝገብ ከሞላ ጎደል ቃል በቃል ስለሚታተም ለተመራማሪ ምቹ ነው። ከዚህም ሌላ ከዚያ ግምጃ ቤት የወጣ ገንዘብ በእኛው ወረዳዎች የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ሆኖ ያውቃል። ዓመታቱን በሙሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። የታችኛው ምክር ቤት አባል ጥያቄውን በቃል ወይም በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። የቃል ጥያቄ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በየተራቸው በሚቀርቡበት ቀን የሚስተናገድ ሲሆን፣ ትልቁ ጥቅሙ አስቀድሞ ያልተገለጸ ተከታይ ጥያቄ ለመወርወር በር መክፈቱ ነው። የጽሑፍ ጥያቄ ግን ጭብጨባ የለውም፤ ካሜራም አይከተለውም። ሆኖም በዕርዳታ ጉዳይ የሚጠቅመው እርሱ ነው ባይ ነኝ። አኃዝ ያስወጣል፤ ሚኒስትሩ ለሰጠው መልስ በስሙ ይጠየቅበታል፤ ጠያቂውም «ቀደም ሲል ከሰጡት መልስ በመነሣት» ብሎ ደግሞ ሊመለስበት ይችላል። ገደቦችም አሉት። ጥያቄው በሚኒስትሩ ኃላፊነት ሥር ባለ ጉዳይ ላይ መሆን አለበት፤ ክርክር ወይም ስብከት መሆን አይፈቀድለትም፤ መልሱን ማዘጋጀት ከተወሰነ ወጪ በላይ የሚጠይቅ ከሆነም መሥሪያ ቤቱ አልመልስም ለማለት ይችላል። ይህች የመጨረሻዋ ቀዳዳ ብዙ ሚኒስትሮችን አሳልፋለች።

አሁን ወደ ፐርጋው ልውሰዳችሁ። ፐርጋው በማሌዥያ፣ ከታይላንድ ድንበር ብዙም በማይርቀው የከላንታን ግዛት የሚገኝ ወንዝ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወንዙ ላይ የኃይል ማመንጫ ግድብ ለመሥራት የብሪታንያ ኩባንያዎች ተሰባስበው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በመጋቢት 1989 ለማሌዥያው አቻቸው ለማሃቲር ሞሐመድ የዕርዳታ ቃል ሲሰጡ የግድቡ ዋጋ 316 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 397 ሚሊዮን ሆነ። ቃሉ ግን ተሰጥቷል።

የባሕር ማዶ ልማት አስተዳደር ባለሙያዎች ስሌቱን ሠርተው ግድቡ ለማሌዥያ ሕዝብ አዋጭ አለመሆኑን ደረሱበት፤ ኃይሉ ከሌላ ምንጭ ቢመነጭ ይረክስ ነበር፤ ልዩነቱም ከመብራት ተጠቃሚው ኪስ የሚወጣ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ጸሐፊ ሰር ቲም ላንኬስተር በ1991 ያደረጉት ነገር ለእኛ የአስተዳደር ተማሪዎች ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። በብሪታንያ ሥርዓት ቋሚ ጸሐፊው ለመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ በግል ለፓርላማ ተጠያቂ ነው። ወጪው የሕዝብን ገንዘብ ያባክናል ብሎ ሲያምን ተቃውሞውን በጽሑፍ አስፍሮ ከሚኒስትሩ ግልጽ የጽሑፍ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላል። ላንኬስተር ጠየቁ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዳግላስ ኸርድም በሐምሌ 1991 ክፍያው እንዲፈጸም አዘዙ። የዕርዳታው ጠቅላላ ወጪ 234 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ። ወረቀቱም በመዝገብ ቤት ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ የፓርላማ አባላት ምን ይጠይቁ ነበር? ሚኒስትሩ «ፕሮጀክቱ ለሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ጠቃሚ ነው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ጠያቂውም ተቀምጦ ይቀራል። ነገሩን የለወጠው የብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤቱ በ1993 መጸው ያወጣው ዘገባ ነው። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴው በጥር 1994 ላንኬስተርን አቅርቦ ሲጠይቅ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከጀርባው ሰነድ ነበረው። ቀጥሎም የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ሌላውን ክር ያዘ። በ1988 የመከላከያ ሚኒስትሩ ጆርጅ ያንገር ከማሌዥያ ጋር በፈረሙት ሰነድ የጦር መሣሪያ ሽያጭና የዕርዳታ መጠን ተያይዘው ነበር፤ መሣሪያ በገዛችሁ መጠን ዕርዳታ ይታሰብላችኋል እንደ ማለት ነው። መንግሥት ትስስሩ ወዲያው ተቋርጧል፣ የግድቡ ቃል ግን ራሱን የቻለ ነው ሲል ተከራከረ። በግድቡና በመሣሪያ ሽያጩ መካከል የነበረውን የጊዜ ቅርበት ለተመለከተ ሰው ይህን መከራከሪያ መቀበል አስቸጋሪ ነው፤ ቢያንስ እኔ ተቸግሬያለሁ። በየካቲት 1994 ደግሞ በብሪታንያ ጋዜጦች ዘገባ የተቆጣው የማሌዥያ መንግሥት የብሪታንያ ኩባንያዎችን ከመንግሥት ኮንትራቶች አገደ፤ እገዳው የተነሣው በመስከረም ነው።

የሕግ ተማሪዎች ይህን ጉዳይ የሚያውቁት በፍርዱ ይመስለኛል። ወርልድ ዴቨሎፕመንት ሙቭመንት የተባለ ድርጅት ሚኒስትሩን ከሰሰ። ድርጅቱ ከግድቡ የደረሰበት አንዳች ጉዳት አልነበረም፤ ይሁንና ፍርድ ቤቱ የመክሰስ መብት አለህ አለው። በኅዳር 1994ም ክፍያው ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ፤ የ1980ው ሕግ ሥልጣን የሰጠው ለልማት ነው፤ በኢኮኖሚ ጤናማ ያልሆነ ፕሮጀክትም ልማት ሊባል አይችልም። የቀረው ወጪ ከዕርዳታ በጀቱ ውጭ ከግምጃ ቤቱ መጠባበቂያ እንዲሸፈን ተደረገ። ግድቡ ግን ተሠራ። የ2002ቱ የዓለም አቀፍ ልማት ሕግ ዕርዳታ ድህነትን ለመቀነስ ማገልገል አለበት የሚለውን መርሕ ሲያጸና፣ የፐርጋው ጥላ በበላዩ ነበረ።

የፓርላማ አባል ግን የአገሩ ብቻ ሳይሆን የአካባቢውም ሰው ነው። የብሪታንያ የዕርዳታ መሥሪያ ቤት ከ1981 ጀምሮ ግማሽ ጎኑ ከግላስጎው አጠገብ በምትገኘው በኢስት ኪልብራይድ ከተማ ነው። ስለዚህ አንድ የስኮትላንድ ተወካይ ስለ ዕርዳታ መሥሪያ ቤቱ ዕጣ ሲጠይቅ፣ በ2020 የልማት መሥሪያ ቤቱ ከውጭ ጉዳይ ጋር ሲዋሃድ እንደታየው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የአፍሪካ ገበሬና የመራጩ የሥራ ዋስትና ይገናኛሉ። ይህን እንደ ነውር የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን አልቆጥረውም። የሚያስጠነቅቀኝ ሌላ ነው፦ የኢስት ኪልብራይድ ሠራተኛ ተወካይ አለው፤ በፐርጋው ምክንያት ውድ መብራት የሚከፍለው የማሌዥያ ቤተሰብ ግን በለንደን ማንም አልነበረውም።

ወደ አገራችን ስመጣ ይኸው ጉድለት ጎልቶ ይታየኛል። ከ1997ቱ ምርጫችን (በእነርሱ 2005) ቀውስ በኋላ ለጋሾች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፍን አቋርጠው፣ በ2006 ገንዘቡን ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውኃና ለግብርና በወረዳ ደረጃ የሚያደርስ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ጀመሩ። ኋላ ላይ ከጋምቤላ ወደ ኬንያ የተሰደደ አንድ አርሶ አደር በሠፈራው በደል ደርሶብኛል፣ የእናንተም ገንዘብ ለአስፈጻሚዎቹ ደመወዝ ውሏል ብሎ በለንደን አቤት አለ። በሐምሌ 2014 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ እንዲሰማ ፈቀደ፤ በ2015 መጀመሪያ ግን ብሪታንያ ለፕሮግራሙ መክፈሏን በማቆሟ ክርክሩ ወደ ፍርድ ሳይደርስ ቀረ። በጥር 2017 ደግሞ «የኛ» የተባለው የሴቶች የሙዚቃና የሬዲዮ ድራማ ቡድን የብሪታንያ ድጋፍ ተቋረጠ፤ ከዚያ በፊት ጋዜጦች ቡድኑን እንደ ማሾፊያ አድርገውት ነበር። እዚህ ላይ ጥያቄው «ምን ለወጠ?» ከመሆን ይልቅ «ለዘፋኝ ገንዘብ እንዴት ይሰጣል?» ሆነ። ጥያቄ ሁሉ እኩል አይደለም።

የዛሬው ጥያቄ ይበልጥ ስውር ነው። በ2015 በሕግ የታወጀው የብሔራዊ ገቢ 0.7 በመቶ ዒላማ በ2021 ወደ 0.5 ወረደ፤ ምክር ቤቱም በ333 ድምፅ ለ298 ደገፈው። በየካቲት 2025 ደግሞ እስከ 2027 ወደ 0.3 እንደሚወርድ ተነገረ። ነገር ግን መቶኛው ብቻ አያስረዳም። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ለጋሽ አገር ስደተኞችን በገዛ ምድሩ ለመጀመሪያው ዓመት የሚያኖርበት ወጪ ዕርዳታ ተብሎ ይመዘገባል። በ2022 ብሪታንያ በዚህ መንገድ 3.7 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም ከጠቅላላው ዕርዳታዋ ወደ 29 በመቶ የሚጠጋውን፣ አገር ውስጥ አውጥታለች፤ ብዙው የሆቴል ኪራይ ነው። «ዕርዳታችሁ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ተወካይ እውነተኛ መልስ ያገኛል፤ ግን ከዚያ ውስጥ ስንቱ ድንበር እንደተሻገረ አያውቅም። «ከዚህ ውስጥ ከአገር የወጣው ስንት ነው? የትኛው ክልልስ ደረሰ?» ያለው ደግሞ ሌላ አኃዝ ይቀበላል።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። የዕርዳታና የብድር ስምምነቶችም ለማጽደቅ ይቀርቡለታል። በጋምቤላ፣ በአፋር ወይም በዋግ ኽምራ የተመረጠ አንድ አባል ስምምነቱ በቀረበ ዕለት «በእኛ ወረዳ ለየትኛው ሥራ፣ ስንት ብር፣ በየትኛው ዓመት?» ብሎ በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ መልሱም ታትሞ ቢቀመጥ፣ የጋምቤላው አርሶ አደር እስከ ለንደን መሄድ ላያስፈልገው ይችል ነበር። ላንኬስተር ትተውት የሄዱት ዓይነት ወረቀት በየሚኒስቴሩ ፋይል ውስጥ አለ ወይ የሚለውን ግን፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። አሁን ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ፤ መድረኩ ክፍት ነው።