አበባ የማያውቀው ሐረግ

ከመደርደሪያ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ወለሉ የሚወርደውን፣ አረንጓዴ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ቀለም የተረጨበት የሚመስለውን ሐረግ ብዙ ሰው በመልኩ ያውቀዋል። ፖቶስ ይባላል። አገሩ በደቡብ ፓስፊክ፣ ከታሂቲ አጠገብ ያለችው ትንሿ የሞኦሬያ ደሴት ናት።

ስሙ እንኳ የራሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሲመዘገብ ፖቶስ ከሚባለው ወገን ተቆጠረ፤ ከዚያ ከወገን ወደ ወገን ሲዘዋወር ቆይቶ በ1964 ኤፒፕሬምነም ኦሬየም ተባለ። የዕፅዋት ሊቃውንት ወገን የሚለዩት በተለይ በአበባ ነው፤ ይህ ሐረግ ደግሞ አያብብም ማለት ይቻላል። በ2016 የወጣ ጥናት ምክንያቱን አገኘ፦ ጂበሪሊን የተባለውን ሆርሞን ለመሥራት የሚያስፈልግ ጂን በተክሉ ውስጥ ሥራውን አቁሟል። ተመራማሪዎቹ ሆርሞኑን ከውጭ ሲረጩበት አበበ።

አበባ ከሌለ ዘር የለም። ስለዚህ በየቤቱ ያለው ፖቶስ ከሌላ ፖቶስ የተቆረጠ ነው። ምሥጢሩ ያለው አንጓው ላይ ነው፤ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ቡናማ እብጠት ይታያል፣ ሥር የሚወጣውም ከዚያ ነው። ከአንጓው ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ቁራጭ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ቢቆም በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል። አንጓ ሳይኖረው የተቀነጠሰ ቅጠል ግን ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይም ሐረግ አይሆንም።

በጫካ ፖቶስ ዛፍ ላይ የሚወጣ እንጂ የሚንጠለጠል አይደለም። ግንድ ይዞ ሽቅብ ሲያድግ ቅጠሉ እየሰፋና እየተሰነጣጠቀ ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ቁልቁል ሲለቀቅ መዳፍ ያህል ሆኖ ይቀራል። ትልቅ ቅጠል የፈለገ ሰው እርጥበት የሚይዝ ምሰሶ ቢያቆምለት ይሻላል።

የዛፍ ጥላ የለመደ በመሆኑ ቀጥተኛ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ጨለማ ጥግ ደግሞ ቢጫውን ይነጥቀዋል። ቢጫው ክፍል ሐመልሚል ስለሚያንሰው፣ ብርሃን ሲጎድል አዲሶቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ብቻ ሆነው ይወጣሉ።

ከጥም ይልቅ የሚጎዳው የውኃ ብዛት ነው። ጣት ወደ አፈሩ ገብቶ ላዩ መድረቁ ሲታወቅ ይጠጣል፣ ማሰሮውም ከሥሩ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሎቹ ቢጫ ከሆኑ ሥሩ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ብርድም አይወድም፦ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከመስኮት መስታወት ራቅ ማለት አለበት።

በቅጠሉ ውስጥ መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ስላሉ፣ የሚያኝከው ድመት፣ ውሻ ወይም ሕፃን አፉ ይቃጠላል። አየር ያጸዳል የሚለው ዝና የመጣው ናሳ በ1989 በዝግ ሣጥን ውስጥ ካደረገው ሙከራ ነው። በ2019 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ግን ከተራ የቤት አየር ዝውውር ለመስተካከል በካሬ ሜትር ቢያንስ 10 ተክል እንደሚያስፈልግ አሰላ።

በስሪላንካና በሃዋይ ደኖች ፖቶስ ወራሪ ተብሎ ተመዝግቧል። ከጓሮ ተቆርጦ የተጣለው ሐረግ እዚያ ዛፍ አግኝቶ ሽቅብ ወጥቷል፤ ቅጠሉም እንደገና ገዝፏል።