በሽታ የመከላከል አቅማችንና የጓዳችን እህል

ጉንፋን ሲጀማምረን አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ጓዳ ነው። ነጭ ሽንኩርት ይላጣል፣ ዝንጅብል ይወቀጣል፣ ሎሚ ይጨመቃል፣ ማር ጠብ ይደረግበታል። ከእናቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ይሁን እንጂ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን በየገበያው የነበረውን ሽሚያ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ አሻቀበ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ቢሆንም ከአዲሱ ቫይረስ እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ የለም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። በዚያው ጓዳ የተቀመጠውን ምስርና ሽሮ ግን ማንም «በሽታ ይከላከላል» ብሎ ሲያወድሰው አልሰማሁም። ነገር ግን የሰውነታችንን የመከላከል አቅም ዓመቱን ሙሉ የሚመግቡት ከነጭ ሽንኩርቱ ይልቅ እነዚህ ናቸው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሰውነታችን በሽታን የሚዋጋው በምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ነጭ የደም ሴሎች በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን በሚቆጠር ብዛት ይመረታሉ። ጀርሞችን ለይተው የሚይዙት ፀረ እንግዳ አካላትም ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በልተን ካስገባነው ነገር ነው። ስለዚህ በቂ ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ ብረትና ቫይታሚን የማያገኝ ሰው በታመመ ዕለት አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ቢበላ ለወራት የጎደለውን በአንድ ቀን ሊሞላው አይችልም።

እንግዲህ ከጥራጥሬው እንጀምር። አንድ መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤናማ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 50 ግራም ያህል ነው። ሽምብራ፣ አተርና ባቄላም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ጤፍና ስንዴ የሚያንሳቸውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬ ስለሚሞላ፣ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ መብላት አንዱን ብቻውን ከመብላት የተሻለ ነው። ሽሮን «ሲቸግር የሚበላ» ማለት ለምደናል፤ በእኔ አስተያየት ያለ ስሙ የተሰጠው ስም ነው። (ዳንኤልና ጓደኞቹ ለአሥር ቀን ጠይቀው የተሰጣቸው ጥራጥሬ እንደ ነበረ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።)

በደቡቡ የአገራችን ክፍል የምትኖሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ቆጮ ጥሩ ጉልበት ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። ቆጮን በጎመንና በአይብ፣ ወይም በባቄላ መብላት ለጣዕም ብቻ የተደረገ አይደለም። በኑሮ ውድነት ምክንያት አይቡም ባቄላውም ከማዕዱ ሲቀሩና ቆጮ ብቻውን ሲቀር፣ ቶሎ የሚጎዱት ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ናቸው።

ስለ ዚንክ ጥቂት እንበል፤ ታሪኩ ስለ እንጀራችን አንድ ነገር ያስተምረናልና። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አናንዳ ፕራሳድ የተባለ ሐኪም በኢራን ሺራዝ ከተማ ሲሠራ፣ ዕድሜው 21 ሆኖ የአሥር ዓመት ልጅ የሚመስል ወጣት ወደ እርሱ መጣ። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሌሎችም ተገኙ። ምግባቸው በአብዛኛው ያልቦካ የስንዴ ቂጣ ነበር። ፕራሳድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ችግሩ ከዚንክ እጥረት የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጻፉ፤ በኋላም በግብፅ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አረጋገጠ። ዚንክ ያነሳቸው ሰዎች እድገታቸው ከመቀጨጩም በላይ ለተላላፊ በሽታ የተጋለጡ ነበሩ። ስንዴው ዚንክ አጥቶ አይደለም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ዚንኩንና ብረቱን አስሮ ስለሚይዝ አንጀት ሊወስደው አይችልም።

ይህን እስራት ከሚፈቱት ነገሮች አንዱ ማቡካት ነው። ሁለት ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ፋይቴቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ጊዜ ወስዶ የቦካ እንጀራ፣ ፈጥኖ ከተጋገረ ቂጣ ይልቅ ዚንኩንና ብረቱን ለሰውነት አሳልፎ ይሰጣል። ሌላው ማብቀል ነው። ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም አተር አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ቀን ቢቆይ በቆልት ይሆናል። ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ በደረቁ ፍሬ ያልነበረ ቫይታሚን ሲም ይገኝበታል። በደንብ አጥባችሁ ቀቅሉት፤ በእርጥበት የቆየ ጥሬ በቆልት ጀርም ሊያፈራ ይችላል።

ቫይታሚን ሲ ስንል ሎሚ ትዝ ይለናል። ሆኖም በምግባችን ጠርዝ ላይ የምትቀመጠው ቃሪያ ሎሚን ታስከነዳለች። አንድ መቶ ግራም ጥሬ ቃሪያ ወደ 240 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ሲኖረው፣ ያው መጠን ሎሚ 50 ሚሊግራም ገደማ ነው ያለው። ከምስርና ከጤፍ የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በሚገባ እንዲወስደውም ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል፤ በመሆኑም ቃሪያ ስንጉ ከምግቡ ጋር መበላቱ ትክክል ነው። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ብረቱን እንዳይወሰድ ያግዱታል። ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና ማፍላት ባህላችን ነው፤ ቢሆንም የደም ማነስ ያለባት እህት አንድ ሰዓት ያህል ብትታገሥ ትጠቀማለች።

ይህ ማለት ግን ቫይታሚን ሲ ጉንፋንን ያስቀራል ማለት አይደለም። ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት የወሰደው ሊነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ብሎ ብዙዎችን አሳምኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ተሰባስበው ሲመረመሩ፣ ዘወትር ክኒኑን የሚወስዱ አብዛኞቹ ሰዎች ጉንፋን መያዛቸው አልቀነሰም፤ የሕመሙ ጊዜ ብቻ በአዋቂዎች 8 በመቶ ያህል አጠረ። ጉንፋኑ ከጀመረ በኋላ መውሰድ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳየም።

በርበሬስ? ቀይ በርበሬ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቀለም አለው። ይህ ቫይታሚን የዓይንን ብቻ ሳይሆን የአፍንጫን፣ የሳንባንና የአንጀትን ሽፋን ይጠብቃል፤ ጀርም የሚገባው በእነዚህ በሮች ነውና። እጥረቱ ያለባቸው ልጆች በኩፍኝና በተቅማጥ የመሞት አደጋቸው ከፍ ይላል። ቀለሙ በቅባት ስለሚሟሟ፣ ወጡ በትንሽ ዘይት መሠራቱ ጠቃሚ ነው። ሕፃናት በርበሬ ስለማይበሉ ካሮት፣ ዱባና ጎመን ጠብታ ዘይት ተደርጎበት ይፈጭላቸው።

ወደ ነጭ ሽንኩርቱ እንመለስ። ጀርምን የሚጎዳው አሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር በሙሉ ፍሬው ውስጥ የለም፤ የሚፈጠረው ሲቀጠቀጥ ወይም ሲከተፍ ነው። ሳይቀጠቀጥ ድስት ውስጥ ከገባ ሙቀቱ አሊሲኑን የሚሠራውን ኤንዛይም ያጠፋዋል። ስለዚህ ከትፋችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩትና ጨምሩት። ጉንፋን በመከላከል ረገድ በ146 ሰዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይቷል፤ ሆኖም አንድ አነስተኛ ጥናት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ማር ሳልን ያለዝባል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስለት፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ለአራስ ልጅ ማር ማስላስ በብዙ ቤት የተለመደ ስለሆነ ይህን ለአያቶችም መንገር ያስፈልጋል።

ጓዳው ራሱ ሊጎዳን የሚችልበትም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪዎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ምርመራው ወደ ለውዝ መኖአቸው አመራ። በሻገተው መኖ ውስጥ የተገኘው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ጉበትን ያጠቃል፤ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ የመከላከል አቅምንም ሊያዳክም እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ። በተለመደው ማብሰል አይጠፋም። በእኛ ቤት የሚያሠጉት ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ናቸው። ዛላ በርበሬ ስትገዙ ደርቆ የሚንኮሻኮሸውን ምረጡ፤ ሲታጠፍ የሚለመጠውን ተዉት። ስታሰጡት መሬት ላይ ሳይሆን በንጹሕ ሸራ ወይም በቆጥ ላይ ይሁን፤ ከመፈጨቱ በፊትም በደንብ ይድረቅ። የሻገተ ለውዝ ሻጋታውን አራግፎ መብላት አያድንም፤ ይጣል።

በመጨረሻም መድኃኒት ለሚወስዱ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የነጭ ሽንኩርት ክኒን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር፤ ጎመኑንም አንድ ሳምንት አብዝቶ ሌላ ሳምንት ጨርሶ ከመተው በመጠኑ ያዘውትረው። የስኳር ሕመምተኛ ማር «የተፈጥሮ ስለሆነ» አይጎዳኝም አይበል፤ ያው ስኳር ነው። የኤች.አይ.ቪ. ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ጥቁር አዝሙድና ማር ጀምሬአለሁ ብሎ ክኒኑን ቢያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለምድና ኋላ ማከሙ ይከብዳል። ልጅ ሲያስቀምጠው ከአጥሚቱ ጋር ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩንና የዚንክ ክኒኑን ከጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ ክኒኑ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ሳሉ ሁለት ሳምንት የሞላው ሰው ደግሞ ዝንጅብሉን እየጠጣም ቢሆን አክታውን ይመርመር።